አምስት ከአምስት

ባለፈው ዓመት፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ የአንዲት እናትን የዓይን ቀዶ ሕክምና በራሴ እጅ በሠራሁት ቁልፍ አሰረዝኩ። ከዚያ አመስግኜ፣ ደረጃው ድረስ ሸኝቼ ተመለስኩና ደስ እያለኝ ቁርሴን በላሁ። ይህን የምጽፈው ለመናዘዝ አይደለም፤ የንስሐ አባቴ ኮምፒውተር የሚል ቃል ሲሰሙ ያንቀላፋሉ። የምጽፈው ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው «በጣም ጥሩ ነው» ሲለኝ የምደነግጥ ሆኛለሁና፣ ምክንያቱን እንድታውቁልኝ ብዬ ነው።

ያኔ ማን እንደነበርኩ ላስተዋውቃችሁ። ትርሲት እባላለሁ። ጎፋ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከእናቴ ጋር እኖራለሁ። አንድ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ሳስተምር ቆይቼ፣ ለሁለተኛ ዲግሪ የሰውና የኮምፒውተር መስተጋብር የሚባል ትምህርት ጀመርኩ። ትምህርቱ፣ አንድ ሰው ስልኩ ላይ የሚፈልገውን ሲያጣ ጥፋቱ የሰውየው ሳይሆን የሠራው ባለሙያ ነው ብሎ ይነሳል። ደስ የሚል ሐሳብ ነው፤ ባለሙያው ራስህ እስክትሆን ድረስ። እማዬ ለጎረቤት ስታስረዳ «ሰው ከኮምፒውተር ጋር እንዴት እንደሚግባባ ነው የምታጠናው» ትልና፣ ትንሽ አሰብ አድርጋ «ከሰው ጋር እንኳ ገና ናት» ብላ ትጨምርበታለች።

የመመረቂያ ሥራዬ፣ በዕድሜ የገፉ ሰዎች ቤታቸው ተቀምጠው የሕክምና ተራቸውን በስልክ የሚያረጋግጡበት ፕሮግራም ነበር። ነፋስ ስልክ አካባቢ ያለ አንድ የዓይን ክሊኒክ ሐሳቡን ወዶት፣ ሙከራው ካማረ ሊጠቀምበት ተስማምቶ ነበር። ታካሚው ቀኑ ሲቃረብ «እመጣለሁ» ብሎ ያረጋግጣል፤ የማይመጣ ከሆነ ይሰርዛል። የተሰረዘው ተራ ወዲያው ለሚቀጥለው ተጠባባቂ በመልእክት ይላካል። በዚህች በመጨረሻዋ ነገር በጣም እኮራ ነበር። ፍጥነቷ ልዩ ነው፤ በኋላ ታዩታላችሁ።

አማካሪዬ ዶክተር አስናቀ «አስር ሰው ላይ ሞክሪው፣ ሁሉም ከሃምሳ አምስት ዓመት በላይ ይሁኑ» አሉኝ። አስር ሽማግሌና አሮጊት ከየት ላምጣ ብዬ ስጨነቅ እማዬ ሰማች። እማዬ የእድሩ ጸሐፊ ናት። «ሰው ነው የቸገረሽ?» አለችኝ፣ ጨው እንደጠየቅኳት ሁሉ። በሦስተኛው ቀን ዘጠኝ ሰው ከእድሩ አዘጋጀች። አስረኛዋ አዴ ጫልቱ ሆኑ።

አዴ ጫልቱ ወተት የሚያመጡልን እናት ናቸው። ሀና ማርያም ነው የሚኖሩት፤ ከተማው እዚያ ሳይደርስ ያርሱ ከነበሩ ቤተሰቦች ናቸው። እርሻው መንገድና ፎቅ ሆኖ፣ ለእሳቸው ግቢያቸውና ሦስት ላሞች ቀርተዋል። እኔ ገና በእግሬ ሳልሄድ ጀምሮ በራችንን ሲያንኳኩ ኖረዋል። ያሳደገኝ የእሳቸው ወተት ነው ብል ማጋነን አይሆንም፤ እሳቸውም ቢሆን ይህን ነገር አልፎ አልፎ ያስታውሱኛል።

ሙከራው ቅዳሜና እሁድ ሳሎናችን ውስጥ ተካሄደ። አሠራሩ ቀላል ነው። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አደርጋለሁ፣ ካሜራ እከፍታለሁ፣ ሰውየው የሚያስበውን ጮክ ብሎ እየተናገረ ተራውን እንዲያረጋግጥ እጠይቃለሁ። መጽሐፉ ውስጥ ሰዎች ያወራሉ፣ ያማርራሉ፣ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ይላሉ። የእኔ የመጀመሪያ ተሳታፊ ጋሼ ግርማ ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር።

«ጋሼ፣ የሚያስቡትን ጮክ ብለው ይንገሩኝ።»

«ምን አስባለሁ? ደህና ነኝ።»

«ማለቴ፣ ስልኩን ሲያዩ።»

«ስልኩም ደህና ነው።»

ከዚያ ጣታቸውን ሰደዱና ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ አድርገው ጨረሱ። ሁለተኛውን ቁልፍ የተጫኑት ሁለተኛው ገጽ ገና ሳይከፈት ነበር። እኔም በማስታወሻዬ ላይ «ሾፌር ስለነበሩ እጃቸው ፈጣን ነው» ብዬ ጻፍኩ። የሚገርመው፣ ጡረታ የወጡት መምህርትም፣ ልብስ ሰፊዋም፣ የቤተ ክርስቲያን ዘበኛውም እጃቸው እንደ ሾፌር ፈጣን ሆነ።

አዴ ጫልቱ የመጡት እሁድ ነው። ስልኩን ፊታቸው ሳደርግላቸው ጠርዙን በአውራ ጣታቸው ዞር ዞር አድርገው ዳሰሱት። «ዕቃውን በጥንቃቄ ይይዛሉ» ብዬ ጻፍኩ።

«አዴ፣ አሁን ምን እያሰቡ ነው?»

«አንቺ እንድትመረቂ።»

«ተሳታፊዋ አዎንታዊ ስሜት አሳይተዋል» ብዬ ጻፍኩ።

መጨረሻ ላይ ለሁሉም አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ፕሮግራሙን ከአምስት ስንት ይሰጡታል? አስሩም አምስት አሉ። ጋሼ ግርማ ስድስት ብለው ነበር፣ አይቻልም ብዬ ነው የቀነስኩት።

ሰኞ ውጤቱን ይዤ ዶክተር አስናቀ ዘንድ ሄድኩ፤ እውነቱን ለመናገር ምስጋና ጠብቄ ነበር። ሠንጠረዡን አዩት፤ ከቪዲዮዎቹም ሦስት አራቱን ስልኬ ላይ ከፍተው አዩ። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ትርሲት፣ ይሄ ወይ ተአምር ነው ወይ ውሸት ነው። ተአምር ከሆነ የሚያጸድቀው የነገረ መለኮት ክፍል ነው፣ እኛ አይደለንም።»

«ዶክተር፣ አንድም ቁጥር አልነካሁም።»

«አንቺ ዋሸሽ አላልኩም። ግን ተመልከቺ፣ እኚህ ሰውዬ ገጹ ሳይመጣ ነው የሚጫኑት። ቁልፉ የት እንደሚሆን ቀድመው ያውቃሉ።» ስልኬን መለሱልኝ። «ነገ የቁልፎቹን ቦታ ቀያይሪና አንድ ሰው ላይ ድገሚው። አንድ የተሳሳተ ሰው አምጪልኝ። አንድ ሰው እንኳ የማይሳሳትበት ነገር አይቼ አላውቅም። ያለዚያ አልፈርምም።»

ሁለት ዓመት ለፍቼ፣ የተሳሳተ ሰው ካላመጣሽ አትመረቂም መባል እንዴት እንደሚያናድድ የደረሰበት ያውቀዋል። ቤት እንደገባሁ እልህ ይዞኝ ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ከታች የነበረውን «አረጋግጥ» ወደ ላይ ወሰድኩት፤ በቦታው «ሰርዝ» የሚለውን አስቀመጥኩ። ክሊኒኩም በዚያው ቀን እውነተኛውን የተራ መዝገብ ከፍቶልኝ ስለነበር፣ መገናኘቱን ልይ ብዬ ፕሮግራሙን ከእሱ ጋር አገናኘሁት። አይቼ ወደ መለማመጃው መዝገብ ልመልሰው ነበር፤ እዚያ ውስጥ ያሉት እኔ የፈጠርኳቸው ስሞች ብቻ ናቸው። የቁልፉን አረንጓዴ ቀለም ግን ሦስት ጊዜ ቀያየርኩ። ቀለሙ ላይ ቆየሁ፤ መዝገቡን ረሳሁት።

ማክሰኞ ጠዋት አዴ ጫልቱ እንደወትሯቸው ወተታቸውን ይዘው መጡ። እማዬ ለቅሶ ሄዳለች። ጆሯቸውን ወደ እቃው ዘንበል አድርገው ቀዱልኝና፣ አንዲት ጠብታ ሳትፈስ ሞላ። ሲቀዱ ሁልጊዜ እንደዚያ ዘንበል ይላሉ፤ የሚያዳምጡኝ ይመስለኝ ነበር።

«አዴ፣ ያንን የስልክ ነገር አንዴ ብቻ ይድገሙልኝ።»

«ወደቅሽ እንዴ?» አሉ ደንግጠው።

«አልወደቅኩም። አንዴ ብቻ።»

«ሀዬ፣ አምጪ።»

ስልክ ቁጥራቸውን ራሴ አስገባሁላቸው። ጠርዙን ዳሰሱት። ላይ ተጫኑ። ታች ተጫኑ፤ «ሰርዝ» ላይ አረፈ። ፕሮግራሙ «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ ጠየቀ፤ ይህን ጥያቄ አንብቦ የሚያውቅ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። ደግመው ታች ተጫኑ፤ «አዎ» ነበር። ስልኩ ደስ የሚል የደወል ድምፅ አሰማና አረንጓዴ ምልክት አወጣ። ያንን ድምፅ ለመምረጥ ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል፤ ሰውን ደስ እንዲያሰኝ ብዬ ነው።

«ተሳካ?» አሉ አዴ ፈገግ ብለው።

«ተሳክቷል።»

«አምስት ነው የምለው አይደል?»

በደስታ ልፈነዳ ነበር። ያረጋገጡ መስሏቸው ሰረዙ! የተሳሳተ ሰው አገኘሁ! ገጹ ላይ የማን ስም እንደተጻፈ አላየሁም፤ የማየው ጣታቸውን ነበር፣ የተማርኩት ጣት ማየት ነው። «ተባረኩልኝ» ብዬ ሸኘኋቸው። ለዶክተሩ «አንድ አገኘሁ» ብዬ ጻፍኩላቸው። «እንኳን ደስ አለሽ» ብለው መለሱ። ቁርሴን የበላሁት ያኔ ነው።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ስህተቱ ስንት ሰከንድ እንደፈጀ ልመዝግብ ብዬ ፕሮግራሙ የያዘውን ዝርዝር ከፈትኩ። የመጨረሻው መስመር ላይ «ጫልቱ» ይላል። እኔ ጫልቱ የሚባል ሰው አልፈጠርኩም። «የግራ ዓይን ሞራ፣ ቀዶ ሕክምና፣ ረቡዕ ጠዋት። ተሰርዟል። የሰረዘው፦ ታካሚዋ።» ከሥሩ ደግሞ «ተራው ለተጠባባቂ ተልኳል። ተጠባባቂው ተቀብሏል» ይላል። በመካከላቸው ያለው ጊዜ አራት ደቂቃ ነው። ፍጥነቷ ልዩ ነው ብያችኋለሁ።

ረቡዕ ማለት ነገ ነው። አዴ ጫልቱ ዓይናቸውን እንደሚያማቸው እኛ ቤት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ክሊኒኩ ጋ ደወልኩ። ከብዙ ሙከራ በኋላ የተራ ኃላፊዋ ሲስተር ሰብለ አነሳች።

«ራሳቸው ናቸው የሰረዙት» አለች። «እኛ አልነካንም።»

«አዎ፣ ግን ሳያውቁ ነው። እኔ ነኝ ያስነካኋቸው።»

«አንቺ ማን ነሽ?»

«ፕሮግራሙን የሠራሁት ነኝ።»

«እንኳን ደስ አለሽ፣ ይሠራል።»

ለመንኳት። ቀዶ ሕክምናውን የሚሠራው ሐኪም ከሌላ ከተማ የሚመጣ ነው፤ ሐሙስ ይመለሳል፣ ቀጥሎ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። የነገው ዝርዝር አስራ ሁለት ሰው ነው፣ ሞልቷል። «አስራ አንድ ሰዓት ላይ ዝርዝሩን ዘግቼ ለሐኪሙ እሰጣለሁ» አለች። «ሴትየዋ ራሳቸው ይምጡና ይናገሩ፣ ከዚያ እናያለን። ቃል አልገባም።»

የአዴ ስልክ አይነሳም። ሚኒባስ ይዤ በላፍቶ በኩል ሀና ማርያም ስደርስ ስምንት ሰዓት አልፏል። ግቢያቸው በሁለት ፎቆች መካከል ያለ የቆርቆሮ አጥር ነው። ምራታቸው ድርቆሽ ሊገዙ መሄዳቸውን ነገረችኝና ልብስ ማጠቧን ቀጠለች። በረቱ ደጃፍ ያለ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። አንዷ ላም እያመነዠከች ትክ ብላ አየችኝ። ስምንት ተኩል ሆነ፤ ዘጠኝ ሆነ። ላሟ ከእኔ ላይ ዓይኗን አላነሳችም። እኔ ደግሞ ሰዓቴን ከማየት በቀር የምሠራው አልነበረኝም።

ዘጠኝ ከሩብ ላይ ድርቆሽ የጫነ ጋሪ መጣ። አዴ ጫልቱ በጎኑ ይሄዳሉ፤ አንድ እጃቸው የጋሪው ጠርዝ ላይ ነው። ጋሪውን እየገፉለት መስሎኝ ነበር። ጋሪው ሲቆም ቆሙ። ነጂው ድርቆሹን ለማውረድ ጋሪውን ወደ ጎን ፈቀቅ ሲያደርገው፣ እጃቸው ባዶውን ቀረና፣ ጋሪውን በአየር ላይ መፈለግ ጀመረ። በዚያች ቅጽበት ገባኝ። የስልኩን ጠርዝ የዳሰሱበት፣ ወተቱን ያዳመጡበት ምክንያት ሁሉ አንድ ላይ መጣብኝ። ሰው እንዴት እንደሚያይ የምማር ሰው፣ የማያዩ እናት ፊት ሁለት ጊዜ ስልክ አስቀምጬ ሰከንድ ቆጥሬባቸዋለሁ። በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

«አዴ፣ ትርሲት ነኝ።»

«ድምፅሽን አወቅኩት። ምነው፣ እናትሽ ደህና ናት?»

«ደህና ናት። ጠዋት የተጫኑት ቁልፍ ነው።»

«ተሳክቷል አላልሽኝም?»

«ተሳክቷል። የተሳካው ግን መሰረዙ ነው። የነገው ሕክምናዎ ተሰርዟል። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን ቶሎ ብለው ፊታቸውን ምራታቸው ወዳለችበት መለሱ። «ቀስ በይ!» አሉኝ። «ሕክምና እንዳለኝ ማን ነገረሽ?»

«ለምን ደበቁን፣ አዴ?»

«ምን ብዬ ልንገር? ዓይኔ አያይም እያልኩ ወተት ይዤ ልዙር? ነገ ሰው ምን ይገባበት ይሆን ይላል። ክፉ ሆኖ አይደለም፣ መጠርጠሩ አይቀርም። ታክሜ ድኜ፣ ማንም ሳያውቅ ያልፋል ብዬ ነበር። አሁን እንግዲህ ቀረ?»

«አስራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ከደረስን ላይቀር ይችላል።»

ነጠላቸውን ለበሱ። ዋናው መንገድ ድረስ በባጃጅ፣ ከዚያ በሚኒባስ ሄድን። መኪናው ላፍቶ ላይ ቆመ፤ ከፊታችን ያለውም፣ ከእሱ ፊት ያለውም ቆሟል። ተቀምጠን ስንጠብቅ፣ ሆዴ ውስጥ የነበረውን ጥያቄ ጠየቅኩ።

«ካላዩት ስልኩን እንዴት ተጫኑት?»

«እናትሽ አስጠናችን።»

«እማዬ?»

«አርብ ዕለት እድሩ ቤት። ፕሮግራሙ የእሷም ስልክ ላይ አለ አይደል? አስራችንንም ሰብስባ፣ ላይ፣ ታች፣ ታች አለችን። እኔን ጣቴን ይዛ ነው ያሳየችኝ። ነገሩ ለሁላችንም ቶሎ ገባን፤ ግርማ ብቻ ነው ያስቸገረው፣ እሱም በመጨረሻ ለመደው።»

«ለምን?»

አዴ ጫልቱ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። «ፈተና ነው አለችና! ልጅቷ እንዳትወድቅ ብለን ነዋ።»

ሁለት ዓመት ያጠናሁት ትምህርት፣ ተሳታፊዎች ፈታኟን ለማሳለፍ ተሰብስበው ያጠናሉ የሚል ምዕራፍ የለውም። መጻሕፍቱ የተጻፉት እድር በሌለበት አገር ነው።

አስር ከሃያ ሆነ። መኪናው አልተነቃነቀም። «እንውረድ» አሉ አዴ። እጃቸውን ያዝኩ፤ እመራቸዋለሁ ብዬ ነበር። ከጥቂት እርምጃ በኋላ የሚጎትቱኝ እሳቸው ሆኑ። ያንን መንገድ ወተት ተሸክመው ስንት ዓመት ተመላልሰውበታል፤ የት ጉድጓድ እንዳለ፣ የት ጠርዙ እንደሚነሳ እግራቸው ያውቀዋል። አዲስ የተቆፈረ ነገር ሲመጣ ብቻ «አዲስ ነው» እላቸዋለሁ፤ ያልፉታል። ክሊኒኩ በር ላይ ስንደርስ እኔ ትንፋሼ ተቆራርጦ ነበር። ለአስራ አንድ ሩብ ጉዳይ ሆኗል።

ሲስተር ሰብለ ሃምሳ የሚሆናት፣ ቀኑን ሙሉ ሰው የለመናት የምትመስል ሴት ናት። ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ጠዋት መልእክት ደርሷቸው፣ ደማቸውን አስለክተው፣ ለነገ ተዘጋጅተዋል። የአዴን ተራ የወሰዱት እሳቸው ናቸው። ሳያቸው የመጣሁበትን ግማሹን ረሳሁ፤ ይነሱ የሚል አፍ ከየት ይመጣል?

«እናቴ፣ እርስዎ ነዎት የሰረዙት?» አለች ሲስተር።

«አዎ» አሉ አዴ ጫልቱ ፈጥነው። «እኔ ነኝ። ልጅቷ ምንም አላጠፋችም።»

«አዴ!» አልኩ። «ሲስተር፣ እኔ ነኝ፣ እሳቸው አላዩትም።»

ሲስተር ካርዳቸውን አውጥታ አገላበጠች። «ተራውን ከእሳቸው ላይ አልነጥቅም» አለች ሽማግሌውን በአገጯ እያሳየች። «ሐኪሙ አንድ ሰው የሚጨምረው ሁለቱም ዓይን የተጎዳ ከሆነ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ቀኝ ዓይናቸው ደህና ነው ይላል። አንድ ዓይን ያለው ሰው እስከሚቀጥለው ጊዜ ይቆያል።» ካርዱን አስቀመጠች። «እናቴ፣ በኑሮዎ ይቸገራሉ?»

«ኧረ ምንም አልል፣ ተመስገን።»

«መንገድ ይለያሉ?»

«እለያለሁ።»

ሲስተር እጇን አነሳች። «ይሄ ስንት ነው?»

አዴ ጫልቱ ጥቂት አሰቡ። «ስንት እንዲሆን ነው የፈለግሽው፣ ልጄ?»

ሲስተር አልሳቀችም። እኔም አልሳቅኩም። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ለአስራ አንድ አስር ጉዳይ ይላል። አዴ ለእኔ አምስት የሰጡኝ በዚህ ድምፅ ነበር። ለሲስተርም አምስት ሊሰጧት ነው፤ እሷ እንዳይከፋት፣ ሽማግሌው እንዳይሳቀቁ፣ እኔ እንዳልወቀስ ብለው፣ ዓይናቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ሊመለሱ ነው። ሁለቱንም እጃቸውን ያዝኳቸው።

«አዴ፣ እኔ ወድቄያለሁ» አልኳቸው። «ፈተናው አልቋል፣ ማንም የሚያሳልፈኝ የለም። ለእኔ ብለው፣ ለእሷ ብለው አይናገሩ። አንድ ጊዜ ብቻ መጥፎ ነገር ይናገሩ። እባክዎ።»

ሽማግሌው እንኳ ከዘራቸውን ማንቀሳቀስ ተዉ።

«አላይም» አሉ አዴ ጫልቱ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር። «ሁለቱንም አላይም። ያኔ ስትመረምሩኝ የፊደሉን ሰሌዳ አላየሁትም፤ ከፊቴ የነበረችው ሴት ስትል ሰምቼ ነው ያልኩት። የዚችን ልጅ ስልክ አይቼው አላውቅም፣ ጥቁር ይሁን ነጭ አላውቅም። ወተት የምቀዳው በጆሮዬ ነው። በዚህ ሳምንት ሁለት ቤት ደፍቼ፣ እቃው አንሸራተተኝ ብያለሁ። ጥጃዋን ረግጫታለሁ። እፈራለሁ። ይኸው ነው።»

ሲስተር ሰብለ ባትሪዋን አንስታ ቀኝ ዓይናቸውን አበራችበት። ደግማ አየች። ስልኳን ይዛ ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባችና በሩን ዘጋች። እኛ ቆምን። ሽማግሌው በአግዳሚው ላይ ጠጋ ብለው «ይቀመጡ» አሏቸው። አዴ ተቀመጡ። ሁለቱ ስለ ድርቆሽ ውድነት ማውራት ጀመሩ። እኔ ሰዓቱን ማየት ተውኩ፤ ማየቱ ምንም አይጠቅምም ነበር።

ሲስተር ስትወጣ የታተመውን ዝርዝር ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣ ከአስራ ሁለተኛው ስም በታች፣ ኅዳጉ ላይ፣ በእስክሪብቶ «13. ጫልቱ» ብላ ጻፈች። «ነገ አንድ ሰዓት ላይ፣ ምግብ ሳይቀምሱ» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «በአንቺ ፕሮግራም አስራ ሦስተኛ ሰው የሚጻፈው የት ላይ ነው?»

«ቦታ የለውም» አልኳት።

«አውቃለሁ፣ ሞክሬዋለሁ» አለችኝ።

በማግስቱ ቀዶ ሕክምናው ተሠራ። ለግራው ዓይን ነበር፤ ቀኙ ለሚቀጥለው ጊዜ ተመዘገበ። እማዬን ግን ገና ማክሰኞ ማታ ቤት ስገባ ተጣላኋት። ሰምታኝ ሰምታኝ «ፈተና አይደል እንዴ? ለፈተና ይጠናል!» አለች። የአዴን ነገር ስነግራት ግን ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ ጣታቸውን ይዛ ስታስጠናቸው እሷም አላስተዋለችም። ረቡዕ ጠዋት ለአዴ ጫልቱ ደንበኞች ሁሉ ወተቱን ያደረስነው እኔና እማዬ ነን። ማንም ምን ገባበት አላለም። ሁሉም ስለ አዴ ነበር የጠየቁን።

ዶክተር አስናቀ ታሪኩን በሙሉ ሰሙኝ። የሰጡት አስተያየት አንድ ነው፤ «ሠንጠረዡን ጣይና ይህንን ጻፊው።» ጻፍኩት። የደወሉን ድምፅ አወጣሁት። የተሰረዘ ተራ ለሌላ ሰው ከመላኩ በፊት አሁን ከክሊኒኩ ሰው ይደውላል። ኅዳግም ሠራሁ፤ ሲስተር ሰብለ የፈለገችውን የምትጽፍበት ባዶ ቦታ ነው። ከሠራሁት ሁሉ ብዙ አገልግሎት የሚሰጠው እሱ ነው።

እናንተ የምታነቡኝ ሰዎች ፕሮግራም ላትሠሩ ትችላላችሁ። ግን ወጥ ሠርታችሁ «እንዴት ነው?» ብላችሁ ጠይቃችኋል። ሠራተኛችሁን «ተመችቶሃል?» ብላችኋል። እናታችሁን ደውላችሁ «ደህና ነሽ?» ብላችሁ፣ «ደህና ነኝ» ስትባሉ ዘግታችኋል። እኔ ይሉኝታ ክፉ ነገር ነው አልላችሁም፤ ያስመረቀኝ ይሉኝታ የሚያውቅ ሕዝብ ነው። አስር ሰው አንድ አርብ ከሥራው ቀርቶ ለእኔ ብሎ ላይ፣ ታች፣ ታች ሲል ውሏል። ይህን የሚያደርግልኝ ሌላ አገር አላውቅም። ግን የሚወደኝን ሰው ስለ ሥራዬ መጠየቅ ትቻለሁ። አሁን ስሞክር «ይሄን የሠራው አንድ የማላውቀው ሰው ነው» እላለሁ። ያኔ ስድቡን ብትሰሙት! ጋሼ ግርማ ሰውየው መታሰር አለበት አሉ።

ከቀዶ ሕክምናው ሦስት ሳምንት በኋላ አዴ ጫልቱ በራችንን አንኳኩ። ወተቱን ቀና ብለው፣ እያዩ ቀዱ፤ ትንሽ ፈሰሰ። ገና አልለመዱትም። ከዚያ «እስቲ ያንን ስልክ አምጪው» አሉኝ። አመጣሁላቸው። ጠርዙን አልዳሰሱትም። ወደ መስኮቱ ወስደው፣ አራቅ ጠጋ እያደረጉ ረጅም ጊዜ አዩት።

«ይሄ ነው እንዴ?» አሉ።

«ይሄ ነው።»

«ፊደሉ ጉንዳን ያህላል። ይሄ አረንጓዴ ደግሞ ምንድን ነው? የታመመ ሰው ነው የሚመስለው።» ሌላውን ገጽ ከፈቱ። «ሰርዝና አረጋግጥ ለምን መንታ ይመስላሉ? ማን ነው ይሄን የሠራው?»

«እኔ ነኝ፣ አዴ።»

ቀና ብለው አዩኝ። በዚያ ዓይን ሲያዩኝ የመጀመሪያቸው ነበር፤ ዓይኔ እንባ ሞላ። ማስታወሻዬን አወጣሁ።

«ከአምስት ስንት ይሰጡታል?»

«አንድ» አሉ ሳያመነቱ። ጻፍኩት። እንባዬን ሲያዩ ግን ሆዳቸው አልቻለም፤ እጄን ያዝ አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሁለት ልበል?» አሉኝ።

«አንድ ይበቃል፣ አዴ» አልኳቸው።